የስደት ፊልሞቻችንና ያልተቀረጸው ፌርፋክስ

ሎስ አንጀለስ ላይ ዊልሻየርና ፌርፋክስ ከሚገናኙበት ማዕዘን ተነሥቶ በእግሩ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ጥቂት ተጉዞ ኦሎምፒክ ጎዳናን ሲሻገር «ሊትል ኢትዮጵያ» ይገባል። በላይኛው ጫፍ በመስከረም 2021 የተከፈተው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም አለ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በታችኛው ጫፍ ደግሞ ከተማው በ2002 በይፋ ስም የሰጠው ሰፈራችን አለ፤ ምግብ ቤቶቹ፣ ቡና ቤቶቹ፣ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡት ሱቆች። ሙዚየሙ በሩን ሲከፍት ከሸለማቸው ሰዎች አንዱ ጎንደር ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ነበሩ። «ቫንቴጅ» የተባለው ሽልማት የተሰጣቸው በሲኒማ የሰፈነውን አተራረክ ለሞገተ ሰው ነው ተብሎ ነው። ሙዚየሙ ከመክፈቻ ፕሮግራሞቹ አንዱንም ለእሳቸውና ለትግል ጓዶቻቸው ፊልሞች መድቦ ነበር።

ፊልሙም ሰፈሩም እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱ እስካሁን በወጉ አልተገናኙም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኢትዮጵያውያን እዚህ ከተማ ፊልም ተምረዋል፤ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ፣ በራሳቸው ላብና በለመኑት ገንዘብ፣ ዓለም ያጨበጨበላቸውን ሥራዎች ሠርተዋል። እነዚያ ፊልሞች ስለ ምን ተረኩ? ማንን ሳይተርኩ አለፉ?

ታሪኩ የሚጀምረው ሰፈሩ ገና ሳይኖር ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1967 አሜሪካ መጥተው ቺካጎ ውስጥ ቴአትር ተማሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ዩሲኤልኤ የፊልም ትምህርት ቤት ገቡ። በ1965 የዋትስ ሰፈር በአመፅ ከነደደ በኋላ፣ ተማሪዎችም ስለታገሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጥቁሮች፣ ለሜክሲኮ ተወላጆች፣ ለእስያውያንና ለነባር አሜሪካውያን ልጆች የፊልሙን በር ከፍቶ ነበር። በዚያ በር የገቡት ወጣቶች ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ዉድቤሪና ሌሎችም ናቸው፤ ኋላ ላይ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ወጣላቸው። አንዱ የሌላውን ፊልም በካሜራ ይቀርጽ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን መሣሪያ እየተዋሱ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተዋናይ እያደረጉ ይሠሩ ነበር።

የኃይሌ የመመረቂያ ሥራ «ቡሽ ማማ» እዚያው ተወለደ፤ ከካሜራ ሰዎቹ አንዱ በርኔት ነው። የፊልሙን መክፈቻ ያየ ሰው አይረሳውም። የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች የፊልሙን ቡድን አባላት መንገድ ላይ አስቁመው ይፈትሻሉ። ትወና አይደለም፤ በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው፤ ካሜራው ሥራ ላይ ስለነበር ተቀረጸ። የጥቁር ወጣቶች ካሜራ መያዝ ለፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ሆኖ ነበር። ከዚያ ፊልሙ ወደ ዶሮቲ ይሻገራል። ዶሮቲ ከቬትናም የተመለሰው ወንድዋ ባላጠፋው ጥፋት የታሰረባት፣ የመንግሥት ድጎማ የምትጠብቅ፣ የሆድዋን ልጅ እንድታስወርድ የድጎማው ቢሮ የሚያስጨንቃት የዋትስ እናት ናት።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ኢትዮጵያዊ ከሠራቸው የሎስ አንጀለስ ፊልሞች ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው፤ ባለታሪኳ ግን ኢትዮጵያዊት አይደለችም። በዚያ ዘመን በከተማው የነበሩት ኢትዮጵያውያን ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ነገ ተመልሰው አገር የሚያገለግሉ ተማሪዎች ነበሩ። ሰፈር የሚባል ነገር ስላልነበራቸው ኃይሌ የጎረቤታቸውን ሰፈር ቀረጹ። ያንን ያህል ከቅርብ፣ ያንን ያህል በፍቅር የተቀረጸ የእኛ ሰፈር እስካሁን የለም።

ለራሳቸው ወገን ግን ካሜራውን ይዘው አገር ቤት ገቡ። በ1974፣ ንጉሣዊው ሥርዓት በሚንገዳገድበት ወቅት፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ግድም ቀርጸው ወጡ። ባለ 16 ሚሊሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ የሚናገር ፊልም ነው። ባለርስቱ ከፍታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ከሩቅ እየጮኸ ጭሰኞቹን ያዛል፤ ካሜራው ታች ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያያል፤ በሬው፣ ዳገቱ፣ የውሃው እንስራ የየራሳቸውን ሰዓት ይወስዳሉ። ርስቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚያየው ከበበ ብቻ ነው እውነቱን በአደባባይ የሚናገረው፤ መጨረሻ ላይም ባለርስቱን የሚገድለው እሱ ነው። ዓመት ሳይሞላ የመሬት አዋጁ ታወጀ። ፊልሙ የተቀረጸው የሚያሳየው ሥርዓት ዓይናቸው እያየ በሚፈርስበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ ክረምት በኋላ ያንን ዓለም ሊቀርጽ የሚችል ሰው አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ትልቁ ሥራ «ሳንኮፋ» (1993) በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ አንድም የአሜሪካ አከፋፋይ አላነሣውም። ባርነትን ከባሪያው ዓይን፣ ያውም በአመፁ በኩል የሚያሳይ ፊልም ገበያ የለውም ተባለ። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺርኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት፤ ሰው ጎረፈ፤ ፊልሙ በየከተማው ባሉ ማኅበሮች አዘጋጅነት ከአዳራሽ አዳራሽ ዞረ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለው የመጻሕፍትና የቡና ቤታቸው ስሙን ከዚሁ ፊልም ወስዷል። በ2021 ታድሶ በዳይሬክተሯ በኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ገበያ የለውም ከተባለ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነበር።

«ጤዛ» ደግሞ ለመጠናቀቅ 14 ዓመት ፈጀ። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ፤ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካን ሲኒማ ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን ሕክምና የተማረ ምሁር ነው፤ ዘረኞች ባደረሱበት ጥቃት አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። የመንደሩ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። እሱም የልጅነት ትዝታውንና የአዲስ አበባውን እልቂት እያቀላቀለ በቅዠት ይባንናል። ከፊልሙ በጣም የሚነካኝ እናቲቱ ናት፤ ልጇ ምን እንዳየ፣ ምን እንደደረሰበት አታውቅም፤ ጸበሉንም ጸሎቱንም ትሞክራለች። እሱም ሊነግራት አይችልም። በእናትና በተመላሽ ልጅ መካከል ያለውን ያንን ዝምታ እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስልክ በየሳምንቱ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው።

የስደት ፊልሞቻችን ዋና ትረካም ይኸው ነው፤ መመለስ። ከዩሲኤልኤ የወጡት ሌላው ዳይሬክተር የማነ ደምሴ በ1996 በሠሩት «ግርግር» ወደ 1960ው የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተመለሱ፤ ኋላም የንጉሡን ዘመን ሰዎች የዓይን ምስክርነት በዘጋቢ ፊልም ሲሰበስቡ ኖሩ። አበበ ቢቂላን የሚተርከው «አትሌቱ» (2009) ራሱ የጀግናውን ቦታ ይዞ በተወነው በራሰላስ ላቀውና በዴቪ ፍራንክል ተሠርቶ ኢትዮጵያ ለኦስካር ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልም ሆነ። ታማራ ዳዊት «ፋይንዲንግ ሳሊ» (2020) ውስጥ በቀይ ሽብር ዘመን የጠፋች አክስቷን ከካናዳ ተነሥታ ትፈልጋለች። ሁሉም ወደ ኋላ፣ ሁሉም ወደ አገር ቤት።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በዚያው ከተማ ያለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) ተመራቂ ነው። የእሱ ፊልም «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፤ በርሊንም ደገመው። የአሥራ አራት ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ለማምለጥ ስትሮጥ በያዘችው ጠመንጃ ጠላፊውን ትገድላለች። መነሻው የ1996 እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃዋም የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፊልሙ የፍርድ ቤቱን ክርክር ከመንደሩ ሽምግልና ጎን ለጎን ማስቀመጡ ትልቅ ጉብዝናው ነው፤ ሽማግሌዎቹን ክፉ አድርጎ አይስላቸውም፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በራሳቸው ሕግ በጥንቃቄ ሲዳኙ ያሳያቸዋል። ጉዳዩ ክብደቱን የሚያገኘውም ከዚያ ነው። የአንጀሊና ጆሊ ስም በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲውሰርነት መጨመሩ ዓለም እንዲያየው በር ከፈተ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ዝግጅት በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ፤ የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ታሪኬ ያለ እኔ ተወሰደ ብላ ነበር። ይህ የአንድ ፊልም ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አላልፈውም። ከውጭ ሆኖ የአገር ቤትን ሰው ታሪክ የሚወስድ ሁሉ፣ እኛም ብንሆን፣ የሚጋፈጠው ጥያቄ ነው። ለዓለም ጆሮ የቀረበ ታሪክ ለባለቤቱ ምን ተረፈው?

ጄሲካ በሽር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥታለች። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ሜክሲኳዊት ናቸው፤ ሐረር አድጋ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ አገር ለቀቀች፤ በኋላ ዩሲኤልኤ ፊልምና ሥነ ጽሑፍ አጠናች። «ፋያ ዳይ»ን ለመሥራት ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሐረርና አካባቢዋን እየተመላለሰች ቀርጻለች። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ነገር ግን የሚያብራራ ድምፅ የለውም። ጫት ሲለቀም፣ በጥቅል ሲታሰር፣ በመኪና ሲከንፍ፣ ሲቃም ያሳያል፤ የዘላለም ሕይወትን ውሃ የሚፈልግ የሱፊ አፈ ታሪክ በመካከሉ ይፈሳል፤ ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ የሚያሰላስል ታዳጊ አለ። የዕጣኑ ጢስ ፊት ለፊት ሲያልፍ የሰዎቹ ድምፅ በሹክሹክታ ይመጣል። በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታይቶ በስዊዘርላንዱ «ቪዚዮን ዱ ሬኤል» ታላቁን ሽልማት ወሰደ፤ ለኦስካርም በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ከመጨረሻ ዕጩዎች በፊት ባለው አጭር ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከአዲሶቹ ፊልሞቻችን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ሰውን የችግሩ ምሳሌ አድርጎ አያቀርብም፤ ረጅም ጊዜ አብሮት ተቀምጧል።

ከኒው ዮርክ ተምሮ የወጣው ያሬድ ዘለቀም በ«ላምብ» (2015) የኢትዮጵያን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካን ይፋዊ ምርጫ አስገብቷል። እናቱን ያጣ ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ዘንድ ይቀመጣል፤ አጎቱ በጉ ለበዓል ይታረዳል ሲል ልጁ ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይሸጣል፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ማጠራቀሙ ነው። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ገባ ተብሎ የሚደርስበትን ወቀሳ ፊልሙ በለሆሳስ ያሳያል።

እንግዲህ ፌርፋክስስ? አንድ ፊልም አለ። በ2007 የየሕደጎ አበሰሎም «ሰርቲን መንዝስ ኦፍ ሰንሻይን» ወጣ፤ ስሙም የቱሪዝሙን «የ13 ወር ፀጋ» መፈክር ያነሣል። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ወጣት የቡና ንግድ መክፈት ይመኛል፤ ገንዘብ የለውም፤ አንዲት አበሻ ልጅ ደግሞ ወረቀት የላትም። በክፍያ ይጋባሉ። ከዚያ አንድ ቤት ውስጥ መኖር፣ ለኢሚግሬሽን መኮንን የሚነገረውን የፍቅር ታሪክ አብሮ ማጥናት ይመጣል። ፊልሙ ጉድለት አለው፤ ገንዘብ እንዳጠረው ያስታውቃል። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውንና ማንም በአደባባይ የማያወራውን ነገር አውጥቶ አስቀምጧል። ይህን ያህል ድፍረት ይዞ በዚያው መንገድ የቀጠለ ሥራ አለመብዛቱ ያሳዝነኛል።

አዲስ አበባ የሚሠሩት የንግድ ፊልሞች ይህን ቦታ ሊሞሉት አልቻሉም። ከ2003ቱ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ወዲህ የአማርኛ ፊልም ገበያው ሲሰፋ፣ ቅጂዎቹ በሲዲ ወደየሱቆቻችን መጡ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም በዩቲዩብ ነው። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ እኛ ብዙ ጊዜ አለን፤ ከአሜሪካ የመጣ ዲያስፖራ ሆነን። ሻንጣ ይዞ ይገባል፤ ወይ ቆንጆዋን አግብቶ ሊሄድ ነው፣ ወይ አነጋገሩ ያስቃል፣ ወይ ተታሎ ገንዘቡን ይበላል። ከቦሌ አየር ማረፊያ ወዲያ ያለው ሕይወቱ፣ የሌሊት ፈረቃው፣ የቤት ኪራዩ፣ ሦስት ሆነው የሚጋሩት አፓርታማ ፊልሙ ውስጥ የለም። የሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» (2015) ለአዲስ አበባ ያደረገውን፣ የታክሲ ሹፌርንና የሴተኛ አዳሪን ኑሮ ከነመንገዱ ማሳየት፣ ለሎስ አንጀለስ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል።

ለምን እንደጎደለ ሳስብ የብሪታንያ አዲሶቹ ፊልሞች ይመጡብኛል። እዚያ የስደተኞች ሰፈርና ኑሮ ያለ ኀፍረት ተቀርጿል። «ሮክስ» (2019) ምሥራቅ ለንደን ያሉ የትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ፣ ከራሳቸው ከተማሪዎቹ ጋር በዎርክሾፕ ታሪኩን አዳብሮ፣ እናቷ ጥላት የሄደች የናይጄሪያዊት ልጅ ታናሽ ወንድሟን እንዴት እንደምትደብቅ ያሳያል። የሬሚ ዊክስ «ሂዝ ሃውስ» (2020) ከደቡብ ሱዳን የሸሹ ባልና ሚስት መንግሥት በሰጣቸው የተጎሳቆለ ቤት ውስጥ የሚያዩትን ጥላ ይተርካል፤ ጥላው ከአገር ይዘውት የመጡት ጥፋት ነው። «ሊምቦ» (2020) ውስጥ ሶርያዊ ኡድ ተጫዋች አንድ የስኮትላንድ ደሴት ላይ የጥገኝነት መልስ ይጠብቃል፤ ከስልክ ሳጥኑ ቤተሰቡ ጋ ይደውላል። «ራይ ሌን» (2023) ደግሞ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ፔክሃም ውስጥ ሲዘዋወሩ ሲዋደዱ ብቻ ያሳያል፤ መከራ የለበትም፤ እንዲህ ያለ ደስታ የመተረክ መብትም ትልቅ ነገር ነው።

ተሰጥኦው እነሱ ጋ ስለበዛ አይደለም። ከ1982 ጀምሮ ቻናል 4፣ ከእሱም ጋር ቢቢሲና የሎተሪውን ገንዘብ የሚያከፋፍለው የብሪታንያ ፊልም ተቋም ለጀማሪ ዳይሬክተሮች ገንዘብ ያወጣሉ። የሆራስ ኦቬ «ፕሬሸር»፣ የመጀመሪያው የጥቁር ብሪታንያዊ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም፣ በ1976 በዚሁ ተቋም ገንዘብ ተሠራ፤ ኃይሌ «ቡሽ ማማ»ን በሠሩበት ዘመን ማለት ነው። በሁለቱም ውስጥ ፖሊስ አለ፤ በሁለቱም ልጅና እናት ስለ ቀለማቸው ይሰቃያሉ። ለንደን ግን ከዚያ ወዲህ ተተኪዎች የሚያልፉበት ድልድይ ሠራች፤ ሎስ አንጀለስ ያንን የዩሲኤልኤ ዘመን ያህል ለእኛ አልሠራችም።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የመንግሥት ኪስ የለም። የበርሊኑ «ወርልድ ሲኒማ ፈንድ»ና የመሳሰሉት ድጋፎች የሲኒማ አቅም ለሌላቸው አገሮች ፊልም የታሰቡ ስለሆኑ ታሪክህ አዲስ አበባ ወይም ገጠር ሲሆን በሩ ይከፈታል፤ ሎስ አንጀለስ ያለ አበሻ ሲሆን ለአፍሪካ ፈንድ አሜሪካዊ ነህ፣ ለአሜሪካ ገበያ ደግሞ አፍሪካዊ። ፌስቲቫሎቹም ከኢትዮጵያ የሚጠብቁት ተራራ፣ ፈረስ፣ ባህላዊ በደል ነው። በዚህ ላይ ሎስ አንጀለስ መንገድ ላይ ካሜራ ማቆም ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና ክፍያ ይጠይቃል፤ ባለካሜራውም ባለመብራቱም የሆሊዉድ ዋጋ ነው የሚጠራው።

ገንዘቡ ግን ሁሉንም አያስረዳም። የእኛም ዝምታ አለበት። ወደ አገር ቤት የምንልከው ፎቶ መኪናውን ያሳያል እንጂ የመኪናውን ዕዳ አያሳይም። አገር ቤት ኢንጂነር የነበረ አባት ፓርኪንግ እንደሚሠራ ለእናቱ ሳይናገር ዓመታት ይቆያል። የወረቀት ጋብቻ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ውስጥ የተጻፈው ታሪክ፣ በፖለቲካ ተቧድኖ የተለያየ ደብር፣ ቤት ውስጥ ስለማይወራ የአእምሮ ሕመም፤ እነዚህን የሚቀርጽ ልጅ ነገ ያንኑ ምግብ ቤት ገብቶ መብላት አለበት። ስለዚህ ካሜራው ወደ ሩቁ ይዞራል። የሩቁ በደል አያሳፍረንም፤ እንዲያውም ያስተባብረናል።

በእኔ እምነት ይህን የሚሰብሩት እዚህ የተወለዱት ናቸው። እናታቸው በአማርኛ ስትቆጣ በእንግሊዝኛ የሚመልሱት፣ ሐኪም ቤት ለአያታቸው ሲያስተረጉሙ ሊናገሩት የማይገባቸውን የበሽታ ስም በአሥር ዓመታቸው የተናገሩት፣ ቅዳሜ ግእዝ ፊደል ተምረው ሰኞ ዋትስ አጠገብ ካለ ጓደኛቸው ጋር የሚማሩት። አገር ቤትን ሊናፍቁት አይችሉም፤ ኖረውበት አያውቁምና። «ቡሽ ማማ» እንዴት እንደተሠራ ማየት ለእነሱ ከማንኛውም ትምህርት ይበልጣል፤ ተውሶ ካሜራ፣ ጓደኛ ባለካሜራ፣ የሚያውቁት መንገድ።

ገንዘቡን በተመለከተ «ሳንኮፋ» በየማኅበሩ የሄደበት መንገድ አሁንም ክፍት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ለሐኪም ቤት፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ምሽት አዳራሽ ሞልቶ ገንዘብ የሚያዋጣ ሕዝብ ነን፤ ለአንድ አጭር ፊልም የሚበቃው ከዚያ ያነሰ ነው። የፌርፋክስ ባለ ምግብ ቤቶች ሰኞ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ቀን፣ ቤታቸውን ለቀረጻ ቢለቁ ከወጪው አንዱ ትልቅ ክፍል ይወርዳል። ፊልሙ ሲያልቅም የመጀመሪያው ትኬት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊሸጥ ይችላል።